ፋርማሲ፣ ሞተር ጠቅላይ፣ ሞባይል ጠጋኝ፦ ለ1/48 የጨረቃ መንኮራኩር ጥቃቅን ዕቃ ከየት ይገዛ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለሞዴል ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ ስስ ፕላስቲክ፣ የነሐስ ቱቦና ልኩ የተጻፈበት ሽቦ አንድ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ከውጭ ማስመጣቱ ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ሆኖም በ1/48 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው 48 ጊዜ አንሶ፣ ለሚሠራ የአፖሎ የጨረቃ ማረፊያ መንኮራኩር የሚያስፈልገው ጥቃቅን ዕቃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከመርካቶ እስከ 4 ኪሎ ባለው የከተማው እምብርት ውስጥ አለ። የማይታየው በሌላ ስም፣ ለሌላ ሥራ ስለሚሸጥ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚመዘነው የሱቅ ስም ሳይሆን የሱቅ ዓይነት ነው፦ ፋርማሲው፣ ሞተር ጠቅላዩ፣ ወርቅ ሠሪው፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ የማስታወቂያ ሥራ ቤቱ። በ2016 ዓ.ም. ሰፊው የፒያሳ ክፍል ከፈረሰ ወዲህ ብዙ ሱቅ ቦታ ቀይሯል፤ የሚሸጠው ዕቃ ግን ያው ነው።

መመዘኛው አንድ ጥያቄ ነው፦ ዕቃው ስንት ሚሊሜትር ነው፣ በ48 ሲባዛስ ምን ይወጣዋል? ባለ 0.5 ሚሊሜትር ሽቦ በእውነተኛው መንኮራኩር ላይ 24 ሚሊሜትር ቧንቧ ይሆናል፤ ያስኬዳል። ባለ 1 ሚሊሜትር ፕላስቲክ ግን ወደ 5 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ግድግዳ ነው። የእውነተኛው መንኮራኩር የሠራተኞች ክፍል ቆዳ በስሱ ቦታ 0.3 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ያንን በ48 አካፍሎ መሥራት የሚችል እጅ የለም፤ የሚደረገው ለዓይን የሚጋለጠውን ጠርዝ ከኋላ በኩል ሞርዶ ማሳሳት ነው። ሞዴልን «አሻንጉሊት» የሚያስመስለው የቀለም ጉድለት ሳይሆን ወፍራም ጠርዝ ነው።

ስለዚህ በቅድሚያ ካሊፐር፣ ውፍረትን በመንጋጋ ይዞ የሚለካ መሣሪያ፣ ይገዛ። መርካቶ የእጅ መሣሪያ በሚሸጥበት ሁለት ዓይነት ዲጂታል ካሊፐር አለ፦ ጥቁሩ የፕላስቲክና የብረቱ። የፕላስቲኩ ርካሽ ነው፣ ግን የሚያነበው በ0.1 ሚሊሜትር ነው፤ ለዚህ ሥራ አያዋጣም። የብረቱ እስከ 0.01 ያነባል፣ በተግባርም እስከ 0.02 በሚደርስ ስህተት ይታመናል። ከሱቁ ሳትወጡ ሞክሩት። መንጋጋውን ዝጉ፣ ዜሮ አድርጉት፣ ከፍታችሁ መልሳችሁ ዝጉት፤ 0.00 ላይ ካልተመለሰ ሌላ ይምጣላችሁ። የተዘጋውን መንጋጋ ወደ ብርሃን አዙሩት፤ በመካከሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ጠማማ ነው። ባትሪው ተጠፍቶም ስለሚያልቅ ከሥራ በኋላ ማውጣቱ ይሻላል።

ለልኬቱ የሚጠቅሙ ቁጥሮች እነሆ። የመንኮራኩሩ ቁመት 7.04 ሜትር ነው፤ በ1/48 ወደ 14.7 ሴንቲሜትር ይወርዳል። የእግሩ ሳህን ስፋት 94 ሴንቲሜትር ነበር፤ 19.6 ሚሊሜትር ይሆናል። ከሳህኑ ሥር ተንጠልጥሎ ጨረቃን ቀድሞ የሚነካው ዘንግ 1.73 ሜትር ነበር፤ 36 ሚሊሜትር ይወጣዋል። ይህ ዘንግ ከአፖሎ 11 ጀምሮ በሦስት እግሮች ላይ ብቻ ነው ያለው፤ መሰላሉ ካለበት እግር ላይ ተነሥቷል። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ያረፈውን የሚሠራ ሰው አራት ዘንግ ከሰካ ገና ከሩቁ ይታወቅበታል።

ፋርማሲ

ከሁሉም አንደኝነቱ የፋርማሲ ነው። በጥቁር አንበሳ ዙሪያ ካሉት ፋርማሲዎች ከአንዱ የሚገዛ የሲሪንጅ መርፌ ማለት ልኩ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ፣ ዝገት የማያውቀው፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን የብረት ቱቦ ነው። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ውፍረቱ የሚለየው በፕላስቲክ መቀመጫው ቀለም ነው፦ ሮዙ 18 ቁጥር ሲሆን 1.2 ሚሊሜትር፣ አረንጓዴው 21 ቁጥር 0.8፣ ሰማያዊው 23 ቁጥር 0.6፣ ብርቱካናማው 25 ቁጥር 0.5፣ ግራጫው 27 ቁጥር 0.4 ነው። ቢጫ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ 20 ቁጥርም (0.9) 30 ቁጥርም (0.3) ቢጫ ናቸው፤ ፓኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ።

ሌላው ጥቅሙ አንዱ በሌላው ውስጥ መግባቱ ነው። 21 ቁጥር በ18 ቁጥር ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፤ 30 ቁጥር ደግሞ በ23 ውስጥ። የአንቴና ምሰሶና የእግር መደገፊያ ዘንግ፣ ወፍራም ሆኖ ጀምሮ ቀጥኖ የሚያልቅ ማንኛውም ነገር፣ በዚህ ይሠራል። 25 በ21 ውስጥ ይገባል ብሎ መጠበቅ ግን አያዋጣም። የአንዱ ውጪና የሌላው ውስጥ በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ በእጅ ግን አልገባም ይላል፣ በግድ ሲገፋም ይታጠፋል።

መርፌ በፒንሳ አይቆረጥም። ፒንሳ ጫፉን ጨፍልቆ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ትክክለኛው መንገድ ውስጡ የሚገባ ቀጭን ሽቦ ማስገባት፣ መርፌውን በጠንካራ ነገር ላይ አስተኝቶ በሦስት ማዕዘን ሞረድ ዙሪያውን መጫር፣ ከዚያ ጭረቱ ላይ ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው። ይሰበራል፤ ውስጥ ያለው ሽቦ ሲሳብ የብረት ፍርፋሪውን ጠራርጎ ይወጣል። የሾለውን አፍ መጀመሪያ ቆርጣችሁ ወፍራም ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱና ክዳኑን ግጠሙ፤ ቆሻሻ የሚሰበስበው ሰው እጅ እንዳይወጋ። ያልተከፈተ አዲስ መርፌ ብቻ ይገዛ።

ድክመቱ ቀለም አለመያዙ ነው። አይዝጌ ብረት ስለሆነ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሳይፋቅና በአልኮል ሳይጠረግ የተቀባ ቀለም በጥፍር ይላጣል። ተራ የብየዳ ሊድም አይዘውም፤ በሱፐር ግሉ ነው የሚጣበቀው።

ሞተር ጠቅላይ

የተቃጠለ ሞተር አፍርሰው የሚጠቀልሉ ሠራተኞች ቤት ያለው በቫርኒሽ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ለቧንቧ፣ ለኬብልና ለመያዣ እጀታ ተወዳዳሪ የለውም። የሚሸጠው በክብደት ነው፤ «ጋሼ፣ ከ30 ቁጥሩ ትንሽ ይመዝኑልኝ» ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙዎቹ ከጥቅሉ ተርፎ የቀረውን ቁራጭ በትንሽ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለሞዴል ደግሞ ሁለት ሜትር ቁራጭ ብዙ ሥራ ይሠራል።

የቁጥሩ ነገር ያሳስታል። በእንግሊዝ አቆጣጠር 30 ቁጥር 0.315 ሚሊሜትር ነው፤ በአሜሪካ አቆጣጠር 30 ቁጥር 0.255 ነው። ጠቅላዩ የትኛውን እንደሚጠቀም ሳታውቁ አትግዙ። ካሊፐር በእጅ ከሌለ ሽቦውን እስክርቢቶ ላይ አሥር ዙር አጠጋግታችሁ ጠቅልሉ፣ ስፋቱን በማስመሪያ ለክታችሁ ለአሥር አካፍሉ። በእንግሊዝ አቆጣጠር 24 ቁጥር 0.56፣ 28 ቁጥር 0.38፣ 36 ቁጥር 0.19 ሚሊሜትር ነው። ለ1/48 መንኮራኩር ከእነዚህ ውስጥ 24፣ 30 እና 36 ካሉ ይበቃል።

ከጥቅል የወጣ ሽቦ ጠማማ ነው። በጣት ማቅናት ሞገድ ይፈጥራል፤ ሞገዱ ቀለም ሲቀባ ይባስ ይታያል። አንዱን ጫፍ ሞርሳ ላይ አስሩት፣ ሌላውን በፒንሳ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ሽቦው ትንሽ «ለቀቅ» ሲል እጅ ላይ ይሰማል። ያኔ አቁሙ። ቀጥ ይላል፣ በመጠኑም ይጠነክራል፤ ከዚያ በላይ ከተሳበ ይቀጥናል፣ ይበጠሳል። ቫርኒሹ ለሱፐር ግሉ አይመችም፤ የሚጣበቀውን ጫፍ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት።

ወርቅ ሠሪ

ነሐስ በፈለጉት ልክ የሚያገኙት እዚህ ነው። ወርቅ ሠሪ የሽቦ መሳቢያ ብረት አለው፦ እየጠበቡ የሚሄዱ ቀዳዳዎች የተደረደሩበት። ባለ 1 ሚሊሜትር የነሐስ ሽቦ ይዛችሁ ብትሄዱ በየቀዳዳው እያሳለፈ እስከ 0.4 ያወርድላችኋል። በመካከል በእሳት ማለስለስ አለበት፤ ነሐስ በተሳበ ቁጥር ይደርቃል፣ ሳይለሰልስ ከቀጠለ ይሰነጠቃል። የመጨረሻውን ግን ሳያለሰልስ እንዲሰጣችሁ ንገሩት። ለመሰላል ቋሚና ለእግር ዘንግ የሚፈለገው የደረቀው ነው፤ የለሰለሰው በራሱ ክብደት እንኳ ይጎብጣል።

ለወርቅ ሠሪ የሚሸጡ መጋዞችና ቀጫጭን ፑንታዎችም (መብሻዎች) ከመሣሪያ ሱቅ ይሻላሉ። ቀጭን ፑንታ በእጅ መያዣ ብቻ ይዙር፤ በትልቅ ትራፓኖ ላይ የታሠረ 0.5 ፑንታ ዕድሜው አጭር ነው። የዚህ አገልግሎት ችግር ሰዓት ነው፤ ሠርግ በሚበዛበት ወቅት የሰው ቀለበት አስቀድሞ ለሁለት ክንድ ሽቦ ጊዜ የሚሰጥ አይገኝም። ጾም ሲገባ ረገብ ይላል።

ሞባይል ጠጋኝ

ሹል ወረንጦና ማጉያ መነጽር ከዚህ የተሻለ የሚገኝበት የለም። ሁለት ወረንጦ ይበቃል፤ አንድ ቀጥ ያለ፣ አንድ ጠማማ። ሲገዙ ጫፎቹን በቀስታ ገጥማችሁ በማጉያ እዩ፤ ጫፍ ለጫፍ መግጠም አለባቸው። ጫና ሲበዛ ጫፉ ተከፍቶ ሆዱ የሚገጥም ከሆነ ዕቃ አስፈንጥሮ ያጠፋል።

እዚህ ዋናው ግን ካፕቶን ነው። ጠጋኞች ሙቅ አየር ሲጠቀሙ በዙሪያው ያለው ዕቃ እንዳይቃጠል የሚለጥፉት የማር ቀለም ያለው ፕላስተር፣ የጨረቃ መንኮራኩሩን ታችኛ ክፍል ወርቃማ ያስመሰለው ያው ራሱ ቁስ ነው። ወርቅ አልነበረም፤ ከውስጥ በኩል አሉሚኒየም የተለበጠ ካፕቶን ነበር። ብሩህነቱ ከአሉሚኒየሙ፣ ቀለሙ ከካፕቶኑ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ወርቃማ ቀለም ከመቀባት ይልቅ አሠራሩን ራሱን መድገም ይቻላል።

መጀመሪያ ካፕቶን መሆኑን አረጋግጡ፤ ቢጫ ቀለም የገባበት ተራ ፕላስቲክም በዚሁ ስም ይሸጣል። ጠጋኙ 300 ዲግሪ ላይ ያለ የሊድ ማቅለጫውን ጫፍ እንዲያስነካው ጠይቁት። ካፕቶን ምንም አይሆንም፤ ተራው ወዲያው ይኮማተራል። ከዚያ ሰፊውን ጥቅል፣ ቢቻል ባለ 5 ሴንቲሜትሩን ግዙ፤ በጠባቡ ከተሠራ መጋጠሚያው ይበዛል።

የወጥ ቤት ፎይል መስታወት ላይ አንጥፉ፣ በጥጥ ቀስ ብላችሁ አለስልሱት፣ አብረቅራቂው ጎን ወደ ላይ ይሁን። ካፕቶኑን ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ በማስመሪያ ጠርዝ እየገፋችሁ ለጥፉበት፤ አየር ከገባ በቀጭን መርፌ ወግታችሁ አስወጡት። አሁን የተለጠፈውን ቆርጣችሁ በጣቶቻችሁ መካከል በልኩ ጨምድዱት፣ ከዚያ ዘርጉት፣ ግን አትደምጥጡት። የእውነተኛው መንኮራኩር ስስ የመከላከያ ንብርብሮችም በእጅ ተጨማድደው ነው የተሰፉት፤ እንዲያ ሲሆን ንብርብሮቹ እርስ በርስ የሚነካኩበት ቦታ ያንሳል፣ ሙቀት አይተላለፍም፣ በመካከል ያለውም አየር ይወጣል። በሞዴል ላይ ጭምድዱ ትንንሽና ብዙ መሆን አለበት። አንድ ትልቅ እጥፋት ከታየ ልኬቱ ሁሉ ይበላሻል፤ ያንን ቁራጭ ጥሎ ሌላ መሥራት ነው።

ቁራጮቹን 1 ሚሊሜትር ያህል አደራርባችሁ በውኃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ለጥፉ። ሱፐር ግሉ እዚህ አይገባም፤ ፎይሉን ያደርቀውና ጭምድዱን ይገድለዋል። የካፕቶኑ ሙጫ ሲሊኮን ስለሆነ ቀለም የሚቀባው ቦታ ላይ እንዳይነካ፤ ከነካ ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ይሸሻል፣ ክብ ክብ ቀዳዳ ይተዋል። በተጨማሪም መንኮራኩሩ ሁሉ ወርቃማ አልነበረም። ላይኛው ክፍል አብዛኛው ግራጫና ጥቁር ነው፣ ታችኛውም ላይ ጥቁርና ብርማ ሰሌዳዎች አሉ፣ አቀማመጡም ከበረራ በረራ ይለያያል። የምትሠሩትን በረራ ፎቶ ሳትይዙ ፎይል አትቁረጡ።

ከዚሁ ቤት ባለ 0.5 ሚሊሜትር የብየዳ ሊድም ይገዛ። በጣም ለስላሳ ስለሆነ እንደ ፈለጉት ለሚጠማዘዝ ቧንቧ ጥሩ ነው፤ የእርሳስ ቅልቅል ስላለበት ከሥራ በኋላ እጅ መታጠብ ግድ ነው።

ፕላስቲኩ

ስስ ነጭ ፕላስቲክ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንዱ መታወቂያና ባጅ የሚያትሙ ቤቶች የሚጠቀሙበት የፒቪሲ ሉህ ነው። ስሱ 0.15፣ ወፍራሙ 0.3 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ለሰሌዳ፣ ለሽፋንና ለጠርዝ ምርጥ ነው። ሌላው የእርጎና የጣፋጭ ኩባያ ነው፤ ከታቹ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 6 ቁጥር ያለበት ፖሊስታይሪን ብቻ። 5 ቁጥር ያለበት ፖሊፕሮፒሊን ምንም ማጣበቂያ አይዘውም። ምልክቱ ከጠፋ ቁራጩን ውኃ ውስጥ ጣሉት፤ ፖሊስታይሪን ይሰምጣል፣ ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል። ሲታጠፍም የመጀመሪያው ነጭ ሰንበር አውጥቶ ይሰበራል፣ ሁለተኛው ታጥፎ ዝም ይላል። ውድ ሉህ የለም ብሎ ማዘን አያስፈልግም፤ ከታጠበና በ600 ብርጭቆ ወረቀት ከተሻሸ በኋላ የኩባያ ፕላስቲክ ከፋብሪካው ሉህ የሚለየው በጠመዝማዛነቱ ብቻ ነው፤ ከግድግዳው ሳይሆን ከታቹ ከተቆረጠ ያም የለም።

ሁለቱ በማጣበቅ ይለያያሉ። የፖሊስታይሪን ማጣበቂያ ፕላስቲኩን አቅልጦ ያዋሕዳል፤ ፒቪሲን ግን ከፖሊስታይሪን ጋር ሲያገናኙ በሱፐር ግሉ መሥራት ይሻላል።

ስለ ማሞቅ አንድ ነገር። ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ፕላስቲክን በፈላ ውኃ አለስልሳችሁ እጠፉ ይላሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፖሊስታይሪን መለስለስ የሚጀምረው ወደ 100 ሲጠጋ ስለሆነ የፈላ ውኃችን አይበግረውም፤ ጉልበት ሲጨመርበት ይሰበራል። ፒቪሲ ከ80 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ስለሚለሰልስ ያለችግር ይታጠፋል። ለክብ ነገር ፒቪሲን በፈላ ውኃ፣ ፖሊስታይሪንን በደረቅ ሙቀት መሥራት ነው።

አሥራ ስድስቱ ጡሩምባ

የዚህ ሞዴል ከባዱ ጥቃቅን ሥራ የአቅጣጫ ማስተካከያ ሞተሮቹ አፍ ነው፦ በአራት ቦታ አራት አራት ሆነው የተተከሉ 16 ትንንሽ ጡሩምባዎች። የእያንዳንዱ አፍ ስፋት 14 ሴንቲሜትር ያህል ስለነበር በ1/48 ወደ 3 ሚሊሜትር ይሆናል። የእስክርቢቶ ጫፍ ነሐስ ቀዳዳውና ቅርጹ ይቀርበዋል፣ ግን ጠባብ ነው፤ ለ1/72 ይሻላል። ለ1/48 በሙቀት መግፋት ነው።

የምስማር ራስ ቆርጣችሁ ግንዱን ትራፓኖ ላይ እሰሩ። እየዞረ በሞረድ የጡሩምባ ቅርጽ አውጡለት፤ ሰፊው ቦታ 2.6 ሚሊሜትር ይሁን። በ400 ከዚያ በ800 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ምስማሩ ላይ የቀረ ጭረት ሁሉ በ16ቱም ላይ ይታተማል። ስስ አሉሚኒየም ላይ 3.2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሱ። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 2.6 ሲደመር ተገፍቶ የሳሳው የሁለት ጎን ፕላስቲክ 0.4፣ ሲደመር 0.2 መላወሻ። መላወሻው ካነሰ ፕላስቲኩ ይቀደዳል፤ ከበዛ አፉ ላይ ሸማ የመሰለ ቀሚስ ይተዋል።

3 በ3 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ወደ 0.4 የሚጠጋ የኩባያ ፕላስቲክ ቀዳዳው ላይ በአራት ማዕዘን ወጥሩ። በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይዛችሁ አሙቁት፤ ሻማ ጥላሸት ያመጣል። ፕላስቲኩ መጀመሪያ ይወጠራል፣ ከዚያ ማብረቅ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ዝቅ ይላል። መግፊያው ሰዓት በማብረቁና በመርገቡ መካከል ነው። ቀድሞ የተገፋ ነጣ ብሎ ይቀደዳል፤ ዘግይቶ የተገፋ ጫፉ ላይ ይሳሳል፣ ይበሳል። ምስማሩን አንድ ጊዜ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉና እስኪቀዘቅዝ አትነቅንቁ። ሳታወጡት እዚያው ምስማሩ ላይ እያለ በአዲስ ምላጭ እያዞራችሁ አፉን ቁረጡ፤ ከወጣ በኋላ ለመቁረጥ መሞከር ይጨፈልቀዋል። መስኮት ክፍት ይሁን፤ ሽታው ለጤና አይበጅም።

16 ብቻ አትሥሩ፤ ወደ 30 ሠርታችሁ የሚመሳሰሉትን ምረጡ። አራት ጎን ለጎን ሲቆሙ ዓይን የሚይዘው የቅርጹን ትክክለኛነት ሳይሆን የአንዱን ከሌላው መለየት ነው።

መሰላሉና ሱፐር ግሉ

መሰላሉ 9 ደረጃ አለው፤ በየደረጃው መካከል 23 ሴንቲሜትር ያህል፣ በሞዴሉ 4.76 ሚሊሜትር። የሚሊሜትር ወረቀት መስታወት ላይ ለጥፋችሁ ከዜሮ ጀምራችሁ ምልክት አድርጉ፦ 4.8፣ 9.5፣ 14.3፣ 19.1፣ 23.8፣ 28.6፣ 33.3፣ 38.1። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ 4.8 እየቆጠራችሁ ከሄዳችሁ ስህተቱ ይከማቻል። ቋሚዎቹን ከ0.5 ነሐስ፣ ደረጃዎቹን ከ30 ቁጥር መዳብ ሠርታችሁ ሁሉንም ባለሁለት ፊት ፕላስተር ላይ አስቀምጡ። ደረጃዎቹ ከቋሚዎቹ አልፈው ይውጡ፤ ማጣበቂያው ከደረቀ በኋላ ነው የሚቆረጡት።

በየሱቁ የሚገኘው 502 ሱፐር ግሉ ለዚህ ይሠራል፣ ግን ከጠርሙሱ በቀጥታ አይፈስም። ጠብታውን ቁራጭ ፎይል ላይ አድርጉ፣ በ30 ቁጥር ሽቦ ጫፍ ነክታችሁ መጋጠሚያው ላይ አስነኩ፤ ራሱ ተስቦ ይገባል። የሚያስቸግረው ነጭ ጉም ነው። በዙሪያው ያለ ፕላስቲክ ላይ የሚቀር ዱቄት የመሰለ ንጣት ከማጣበቂያው ትነትና ከአየሩ እርጥበት የሚመጣ ነው፤ ክረምት ላይ ይብሳል። ሰሃን ሥር ዘግቶ ማድረቅ ደግሞ ያባብሰዋል፤ ትነቱ መውጫ ያጣል። አየር በቀስታ የሚያልፍበት ቦታ አስቀምጡት፣ የማጣበቂያውንም መጠን ቀንሱ። በበጋ ደረቅ አየር ደግሞ መያዙ ይዘገያል፤ ያኔ መቸኮል የለም።

ሌዘርና ማተሚያ

የማስታወቂያ ሥራ ቤቶች ኮረል ድሮው በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የተሳለ ፋይል ተቀብለው በሌዘር ይቆርጣሉ። ለዚህ ልኬት የሚሆነው ወፍራም ወረቀት ነው፤ ባለ 200 ወይም 300 ግራም ወረቀት ንጹሕ ሆኖ ይቆረጣል፣ ከዚያ በቀጭን ሱፐር ግሉ ሲጠጣ እንደ ፕላስቲክ ይጠነክራል። ጨረሩ ራሱ 0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ይበላል፤ ስለዚህ ከ0.5 የቀጠነ ክር በሥዕል ላይ ቢኖርም ከማሽኑ ተቃጥሎ ይወጣል። አክሪሊክ ለመቀመጫ ሰሌዳ እንጂ ለጥቃቅን ዕቃ ወፍራም ነው። ፒቪሲ ግን በፍጹም ሌዘር ውስጥ አይግባ። ሲቃጠል የሚወጣው የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ሳንባም ማሽንም ይጎዳል፤ ፒቪሲውን ሳይጠይቅ የሚቀበል ቤት ላይ ሌላም ሥራ ባትሰጡ ይሻላል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የተወነጨፈችውን የአገራችንን ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት መሥራት ለሚያምራችሁ፣ የፀሐይ ሰሌዳዋን መስመር በሌዘር ማስጫር ከሁሉ የሚቀል መንገድ ነው።

ባለ 0.4 ሚሊሜትር አፍ ያለው ተራ የሦስት ገጽታ ማተሚያ ለእነዚህ ዕቃዎች አይሆንም፤ መስመሩ በ48 ሲባዛ 2 ሴንቲሜትር ደረጃ ነው። በፈሳሽ ሬዚን የሚያትመው ይችላል።

ቀለሙ

እዚህ ላይ ነው መሃል ከተማው የሚደክመው። የሞዴል ቀለም በመደበኛነት አይገኝም፤ ያለው የመኪና ቀለም ነው። የመኪና ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚረጭ መሠረት) ስፕሬይ ለነሐስ፣ ለመዳብና ለመርፌ በጣም ጥሩ ነው። ውስጡ ያለው ኃይለኛ ቲነር ግን የኩባያ ፕላስቲክን ይበላል፤ ጡሩምባዎቹ ላይ በቅርብ ከተረጨ ይጨማደዳሉ። ስለዚህ ከ30 ሴንቲሜትር ርቀት፣ ፕላስቲኩ ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ ከፊሉ እንዲደርቅ፣ ጭጋግ ያህል ብቻ አልፋችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ። ሽፋኑ ከተዘጋ በኋላ ቲነሩ ፕላስቲኩን አያገኘውም። መጀመሪያ ከምርጫ የቀሩት 14 ጡሩምባዎች ላይ ሞክሩት።